ቅዳሜ ሌሊት ዝም እንዳይል፦ ስለ ፍራንኪ ነክልስ ለወጣት ሙዚቀኞች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! ድምፁ ከኋላ ይሰማል? የምትሰሙ እጃችሁን አሳዩኝ። ጥሩ።

በመጀመሪያ እናቶቼንና አባቶቼን ላመስግን። በዚህ በቺካጎ ብርድ፣ ያውም ስለ ዲጄ ወሬ ለመስማት ከቤት የወጣ ወላጅ ክብር ይገባዋል። አውቃለሁ፣ ገሚሶቻችሁ የመጣችሁት ልጃችሁ ክፍሉን ዘግቶ ከላፕቶፕ ጋር የሚያድርበት ጉዳይ ምን እንደሆነ ለማጣራት ነው። እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ ሰው ነው የማወራችሁ። ፍራንኪ ነክልስ ይባላል። ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ጥቂት እጅ አየሁ፣ እሱም ከወጣቶቹ በኩል ነው። ሙዚቃውንስ ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ይኼን እኔ ልመልሰው፦ ሁላችሁም። ጂም ስትገቡ፣ ልብስ መደብር ስትገቡ፣ በደቂቃ ወደ 120 ጊዜ ዱም ዱም ዱም ዱም የሚለው ምት አለ አይደል? እኩል፣ ሳይዛነፍ፣ ሳይደክም የሚሄደው። ያ ምት ሃውስ የሚባለው ሙዚቃ የጀርባ አጥንት ነው። ሃውስ ደግሞ ከለንደን አልመጣም፣ በጭፈራ ቤቶቿ ከታወቀችው የስፔን ደሴት ከኢቢዛም አልመጣም። እዚህ ከተማ ውስጥ ነው የተወለደው። በየቀኑ በመኪና ከምናልፍበት መንገድ ዳር!

ሁለት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ ይህ ሙዚቃ ከምን ዓይነት ችግር እንደመጣ። ሁለተኛው፣ ሰውየው ሥራውን እንዴት ይሠራ እንደነበር። መሃል ላይ ከመንገድ ብወጣ ታገሡኝ። ለብዙ ዓመት ታክሲ ነጂ ነበርኩ፣ መዞር ልማዴ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

ወደ ሰውየው ልግባ። ፍራንኪ በ1955 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ተወለደ። የመዝገብ ስሙ ፍራንሲስ ኒኮልስ ነው። ሙዚቃ አይደለም የተማረው። የጨርቃ ጨርቅ ንድፍ ነው። ላሪ ሌቫን የሚባል የልብ ጓደኛ ነበረው። ሁለቱ ልጆች ሌሊት ሌሊት የኒውዮርክን ጭፈራ ቤቶች ያስሱ ነበር። በኋላ ጋለሪ በሚባል ቤት ሥራ አገኙ። ምን ሥራ መሰላችሁ? ፊኛ መንፋት! አዳራሽ ማስጌጥ! ሙዚቃውን የሚያጫውተው ኒኪ ሲያኖ የሚባል፣ እሱም ገና ልጅ የሆነ ዲጄ ነበር። እነሱ ፊኛ ይነፋሉ፣ ጆሯቸው ግን እሱ ላይ ነው።

ልጆች፣ ይህቺን ልብ በሉልኝ። ፊኛ ሲነፉ ያዩት ነገር አለ። አንድ ሸክላ ሲያልቅ ወለሉ ላይ ያለው ሰው ምን ይሆናል? ማን ይቀመጣል? ማን ይቀራል? ዲጄው መብራቱን ሲያጠፋ ማን ይጮኻል? ይህን ቆሞ ያላየ ሰው በላፕቶፕ ብቻ አይማረውም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አይማረውም።

ቀጥሎ ሁለቱም ኮንቲኔንታል ባዝ በሚባል ቦታ ራሳቸው ማጫወት ጀመሩ። ከዚያ 1977 መጣ። ሮበርት ዊሊያምስ የሚባል የኒውዮርክ ልጅ እዚህ ቺካጎ መጥቶ ጭፈራ ቤት ሊከፍት ያስባል። ዲጄ ይፈልጋል። ማንን ጠየቀ? ላሪን። ላሪ እምቢ አለ። ኒውዮርክን መልቀቅ አልፈለገም። ያኔ ነው ወደ ፍራንኪ የተዞረው። አዎ፣ ዛሬ የሃውስ አባት የምንለው ሰው ሁለተኛ ምርጫ ነበር። እሱም ሻንጣውን ይዞ መጣ። ላሪ ኒውዮርክ ቀርቶ ፓራዳይዝ ጋራዥ በሚባለው ቤት ስሙን ተከለ። ሁለት ጓደኛሞች፣ ሁለት ከተማ። ላሪ በ1992፣ ገና በ38 ዓመቱ አረፈ። ስለ እሱ ሌላ ቀን ብቻውን ማውራት ይገባል።

የቺካጎው ቤት ዌርሃውስ ይባላል። 206 ሳውዝ ጄፈርሰን ጎዳና ላይ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። አልኮል አይሸጥበትም ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለወላጆች ነው፣ ፈገግ እንድትሉ። ጭማቂና ውሃ ነው ያለው። ሰው ቅዳሜ ሌሊት ይገባል፣ እሑድ ረፋድ ላይ ይወጣል። የድምፅ መሣሪያውን የዘረጋው ሪቻርድ ሎንግ ነበር። በዚያ ዘመን በዚህ ሙያ እሱን የሚስተካከል ብዙ አልነበረም።

እዚያ ማን ነበር የሚሄደው? ባብዛኛው ጥቁርና ላቲኖ የሆኑ፣ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ወጣቶች ነበሩ። ፍራንኪም ከእነሱ አንዱ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ታጠቁሩ ይሆናል። ግን ይህን ዘልዬ ታሪኩን ብነግራችሁ ዋሽቻችኋለሁ። ሌላ ጭፈራ ቤት በር ላይ "አንተ አትገባም" የሚባሉ ልጆች ናቸው። ጥቁር በመሆናቸው የሚመለሱበት በር ነበር፣ በሌላው ነገራቸው የሚመለሱበትም በር ነበር። ዌርሃውስ አልመለሳቸውም። ሙዚቃው እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ የሚሄደው ለምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አንዱ ምክንያት ይኼ ይመስለኛል። ሌላ መሄጃ የሌለው ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ፍራንኪ አንድ የታወቀ ነገር ያደርግ ነበር። መብራቱን በሙሉ ያጠፋል። ድቅድቅ ጨለማ። ከዚያ የባቡር ድምፅ ይለቃል። ድምፁ ከአንዱ ስፒከር ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሰው ባቡር በላዩ ላይ ያለፈ ይመስለዋል። ይጮኻል! ከዚያ ምቱ ይገባል። እስቲ አስቡት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ኮምፒውተር በሌለበት።

ታክሲ ላይ የገጠመኝን እዚህ ጋ ልንገራችሁ። ፍራንኪ በሞተ ሰሞን፣ በ2014 ጸደይ፣ ዳውንታውን አንድ ጠና ያለ ሰው ጫንኩ። ጄፈርሰን ላይ አቁምልኝ፣ ቆጣሪው ይቁጠር አለኝ። ወርዶ ሕንፃውን አየ፣ ተመልሶ ገባ። ምን አለ እዚህ ብዬ ጠየቅሁት። ያኔ ነው የነገረኝ። ልጅ እያለ ቤተሰቦቹ ከቤት አባረውታል። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ነበረችኝ፣ እሷም ቅዳሜ ናት አለኝ። እሑድ ሲወጣ በክረምት ልብሱ በላብ ርሶ፣ በብርዱ ጭስ ይወጣው ነበር። ይህን እየሳቀ ነው የነገረኝ። ዲጄውን ሲጠራው ግን "ፍራንኪ" አላለም። "የእኛ ፍራንኪ" ነው ያለው።

እሺ፣ አሁን ወደ አንደኛው ነጥቤ። ችግሩ ምን ነበር?

በዚያን ጊዜ የሚጨፈረው ሙዚቃ ዲስኮ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1979፣ እዚሁ ቺካጎ፣ ኮሚስኪ ፓርክ በሚባለው የቤዝቦል ሜዳ አንድ ነገር ተደረገ። ስቲቭ ዳል የሚባል የሬዲዮ አቅራቢ ዲስኮን እንጥላ ብሎ ቀሰቀሰ። የዲስኮ ሸክላ ይዞ ለሚመጣ ሰው መግቢያው 98 ሳንቲም ብቻ ተባለ። ወደ 50,000 ሰው ሜዳውን ሞላ። በዕለቱ በነበሩት ሁለት ጨዋታዎች መካከል ሸክላዎቹን ሜዳ መሃል ቆልለው በፈንጂ አፈነዷቸው። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረ። ሣሩ ተቃጠለ። ሁለተኛው ጨዋታ ቀረ፣ ነጥቡም ለእንግዳው ቡድን ለዲትሮይት ተሰጠ።

ቀልድ ነበር የሚሉ አሉ። የሮክ ልጆች ጨዋታ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ያን ቀን ሜዳው ውስጥ ተመልካች እያስተናገደ የሚሠራ ቪንስ ሎውረንስ የሚባል ጥቁር ልጅ ነበር። በኋላ እንደተናገረው፣ ሰው ይዞት የመጣው ዲስኮ ብቻ አልነበረም። የማርቪን ጌይ ሸክላ ነበር። የስቲቪ ዎንደር ሸክላ ነበር። ስቲቪ ዎንደር ዲስኮ ነው እንዴ? እስቲ ንገሩኝ! ጥቁር የዘፈነው ሁሉ ነው የተሰበሰበው። ያ ልጅ ግን ቂም ይዞ አልተቀመጠም። ከጄሲ ሳውንደርስ ጋር ሆኖ በ1984 አንድ ሸክላ ሠሩ። ብዙዎች በሸክላ የታተመ የመጀመሪያው የሃውስ ዘፈን እሱ ነው ይላሉ። ከዚያ ሜዳ የወጣ ልጅ!

ከዚያ ሌሊት በኋላ ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ከዲስኮ ሸሹ። አዲስ የሚጨፈርበት ሸክላ መምጣቱ ቀነሰ። አሁን ፍራንኪን አስቡት። በየሳምንቱ ያው ሕዝብ ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ሊጨፍር ይመጣል። ሙዚቃው ግን አልቋል። ምን ታደርጋላችሁ? ያችኑ ሸክላ በየሳምንቱ ትደጋግማላችሁ? ሰው ይሰለቻል። ትዘጋላችሁ? ያ ሁሉ ልጅ የት ይሄዳል?

አሁንም ትንሽ ልዙር። እኔ ሠርግ ላይ ሙዚቃ አጫውታለሁ። እዚሁ ከተማ አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው እናት ሊጨፍሩ ተነሡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከጠረጴዛቸው ተነሥተው መሃል እስኪደርሱ ጊዜ ወሰደባቸው። ደርሰው ትከሻቸውን ነቅነቅ ማድረግ ሲጀምሩ ዘፈኑ ሊያልቅ ነው! ሌላ ብከፍት ምቱ ይቀየራል፣ እሳቸውም ይቀመጣሉ። ስለዚህ ከበሮውና ጭብጨባው ብቻ ያለበትን ቦታ ያዝኩና ደጋገምኩት። ደጋገምኩት፣ ደጋገምኩት። እማማ እስኪበቃቸው ጨፈሩ። ለእኔ ይህ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

ፍራንኪ ይህንኑ በምላጭ ነው የሠራው። የድምፅ ምህንድስና የሚማር ጓደኛ ነበረው። ዘፈኑን ከሸክላ ወደ ትልቁ የቴፕ ክር ይገለብጡታል። ከበሮና ቤዝ ብቻ የቀረበትን ቦታ ፈልገው ደጋግመው ይቀዱታል። ክሩን በምላጭ ይቆርጡታል፣ በፕላስተር ይቀጥሉታል። ሦስት ደቂቃ የነበረው ዘፈን ይረዝማል። መግቢያው ይለወጣል፣ ዘፋኟ ዘግይታ ትገባለች። ቅዳሜ ፍራንኪ ክሩን ይዞ ይመጣና ያጫውተዋል። ሰው ያውቀዋል፣ ግን እንዲህ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም። ለዚያ ሳምንት አዲስ ሙዚቃ ተገኘ ማለት ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንደገና ምላጭ!

ይህን ነው ልነግራችሁ የመጣሁት። ፍራንኪ አንድ ቀን ተነሥቶ "አዲስ የሙዚቃ ስልት ልፍጠር" አላለም። ፊቱ የቆሙት ሰዎች ቅዳሜ ሌሊት ሙዚቃ እንዳይጎድልባቸው ነው የደከመው። ስልቱ ከዚያ ድካም ወጣ። ስሙንም እሱ አላወጣለትም። ሰው ሙዚቃ ቤት ገብቶ "ዌርሃውስ የሚጫወተውን ዓይነት ስጡኝ" ሲል ሲል አጠረና ሃውስ ሆኖ ቀረ።

በ1982 መጨረሻ ዌርሃውስ የመግቢያ ዋጋውን አስወደደ። ፍራንኪ ለቀቀ። ፓወር ፕላንት የሚባል የራሱን ቤት ከፈተ። ሕዝቡም ተከትሎት ሄደ። ከዲትሮይት ዴሪክ ሜይ የሚባል ወጣት እየተመላለሰ ይሰማው ነበር። በኋላ ቴክኖ የሚባለውን ሙዚቃ ከጀመሩት አንዱ የሆነው ማለት ነው። እሱ ነው ለፍራንኪ ድራም ማሽን የሸጠለት፣ የሮላንድ ቲአር 909። ያ ማሽን ገበያ ላይ የወደቀ ዕቃ ነበር። እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ተናቀ። ወደ 10,000 ገደማ ብቻ ተሠርቶ በ1985 ማምረቱ ቆመ። ዛሬ አሮጌውን ልግዛ ብትሉ ኪሳችሁ አይችለውም! ፍራንኪ እሱን ከሸክላዎቹ ሥር እያስገባ ምቱን ያጠብቀው ጀመር። የድሮው ዘፈን ላይ አዲስ ልብ ገጠመለት ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ነጥቤ አሠራሩ ነው ብያለሁ። ግማሹን ሳላውቀው ነግሬያችኋለሁ። የቀረውን ልጨርስ።

ጄሚ ፕሪንሲፕል የሚባል የቺካጎ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ዘፈን ይሠራል። ከዘፈኖቹ አንዱ፣ ዩር ላቭ የሚባለው፣ በካሴት ፍራንኪ እጅ ገባ። ፍራንኪ ሸክላ እስኪታተም አልጠበቀም። ከክሩ ላይ በቀጥታ ያጫውተው ጀመር። ሰው ያብዳል፣ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ይጠይቃል፣ የለም! ከተማው ሁሉ ቅጂ በቅጂ ተቀባበለው። ድምፁ እየተበላሸም ሰው አልተወውም። በ1987 በወጣው ሸክላ ላይ ግን ዋናው ስም የፍራንኪ ሆነ። ግጥሙ የጄሚ ነው፣ የሚዘፍነውም ጄሚ ነው። ፍራንኪን እወደዋለሁ፣ ይኼን ግን አልወደውም። በዚያ ዘመን ቺካጎ ውስጥ ብዙ ልጆች በወረቀት ጉዳይ ተጎድተዋል። ሙዚቃቸው አውሮፓን አናወጠ፣ እነሱ ግን የሚገባንን አላገኘንም ይላሉ። የስቲቭ ሲልክ ኸርሊ ዘፈን በጥር 1987 እንግሊዝ አገር አንደኛ ሆኗል እኮ! ስለዚህ ልጆች፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። እማማ፣ አባባ፣ ይህን እናንተም ቤት ስትገቡ ድገሙላቸው። የሚያነብላችሁ ጠበቃ ፈልጉ። ማን ምን ያህል እንደሠራ መጀመሪያ ላይ ጻፉት፣ ገና ገንዘቡ ሳይመጣ፣ ገና ተዋደን ሳለን።

ከዚያ ፍራንኪ ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ። ዴፍ ሚክስ ከሚባለው ቡድን ጋር፣ ከዴቪድ ሞራሌስና ከጁዲ ዋይንስታይን ጋር መሥራት ጀመረ። ሪሚክስ የሚባለውን ሥራ ነው የሠሩት። ወላጆች፣ ሪሚክስ ማለት በዘፈን ላይ ዱም ዱም መጨመር ብቻ አይደለም። ፍራንኪ ብዙ ጊዜ የዘፋኙን ድምፅ ብቻ ያስቀረዋል። ሌላውን ሁሉ አውጥቶ ከሥር እንደ አዲስ ይሠራዋል፣ ፒያኖውን፣ ቤዙን፣ ቫዮሊኑን። በ1989 የቻካ ካንን ዘፈን እንዲህ አድርጎ ሠርቶታል። ቤት ሄዳችሁ ሁለቱን አስተያዩአቸው። እሱ ሲሠራው ዘፋኟ አትታፈንም። ቦታ ይለቅላታል። ብዙ ፕሮዲውሰር የሚያቅተው ይኼ ነው፣ ቦታ መልቀቅ። በ1991 ደግሞ ዊስል ሶንግ የሚባለውን አወጣ። ግጥም የለውም፣ የሚያፏጭ ዜማ ብቻ። አሜሪካ ውስጥ በዳንስ ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ።

"ዲጄነት ሥራ ነው ወይ?" ትሉኛላችሁ። በ1998 ግራሚ ለመጀመሪያ ጊዜ የሪሚክስ ባለሙያ ሽልማት አዘጋጀ። የመጀመሪያውን የወሰደው ፍራንኪ ነው። በ2004 የቺካጎ ከተማ ዌርሃውስ የነበረበትን መንገድ በስሙ ጠራው። ይህ እንዲሆን ከረዱት አንዱ ያኔ በኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ሴናተር የነበረ ሰው ነው። ስሙን ታውቁታላችሁ፣ ባራክ ኦባማ ይባላል። ሕንፃው ራሱ በ2023 የከተማው ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። እና እማማ፣ ሥራ ነው!

ከባድ ሥራም ነው። ፍራንኪ ስኳር ነበረበት። ቀደም ሲል በረዶ ላይ ሲንሸራተት እግሩን ተጎድቶ ነበር፣ በ2008 እግሩ ተቆረጠ። እሱ ግን ተመልሶ ቆሞ ማጫወቱን ቀጠለ። መጋቢት 31 ቀን 2014፣ በ59 ዓመቱ፣ እዚሁ ቺካጎ አረፈ። ከዚያ ጥቂት ቀናት በፊት ለንደን ላይ ሲያጫውት ነበር። አባቶቼ፣ ሌሊት የምትነዱ፣ እናንተም ልጆች፣ ሌሊት ስክሪን ላይ የምታፈጡ፣ እባካችሁ ስኳራችሁን ተለኩ። ከርዕሴ ወጣሁ አትበሉኝ፣ አልወጣሁም።

ልጨርስ ነው። ወጣቶች፣ አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። ደቡብ ቺካጎ፣ ስቶኒ አይላንድ ላይ አንድ አሮጌ ባንክ አለ። ሊፈርስ የደረሰ ሕንፃ ነበር። ቲያስተር ጌትስ የሚባለው ሠዓሊ አሳድሶ የጥበብ ቤት አደረገው። የፍራንኪ ሸክላዎች ያሉት እዚያ ነው፣ ወደ 5,000 የሚጠጉ። እኔ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። በጣም ብዙ የተጫወተ ሸክላ ያስታውቃል፣ ጥቁሩ ራሱ ነጥቶ ነው የምታገኙት። ከመሄዳችሁ በፊት የሚከፈትበትን ቀን አረጋግጡ፣ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። መኪና የሌላችሁ ከንግግሩ በኋላ እኔጋ ኑ፣ ተሰባስበን እንሄዳለን። ታክሲ ባልነዳም መንገዱን አልረሳሁትም።

አሁን ማይኩን ወደ እናንተ ልልቀቅ። መጀመሪያ ከእናቶች በኩል ጥያቄ ካለ እንስማ።